አራተኛዋ ዳዶ

«ይህን ሱፍ በዚህ ሳምንት ሳየው ሦስተኛዬ ነው» አለ መርማሪው ጋሽ ጌንኮ፣ ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቶ። የምርመራ ጣቢያው ካሜራ ምስል እንጂ ድምፅ አይቀዳም፤ ስለዚህ ጋሽ ጌንኮ ሥራ ላይ ሲቀልድ ሁልጊዜ ዞሮ ነው።

የመኪናዋ ባለቤት ሞምቺል ሳቁን አፈነ። ራያ ግን ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። ሰማያዊዋ መኪና ሞተሯ እየሠራ ቆማለች፤ የመለኪያው ቱቦ ከኋላ ከጢስ ማውጫዋ፣ ከማርሚታዋ ውስጥ ገብቷል። የመርዛማው ጢስ ቁጥር ወረደ፣ ወረደና ዜሮ አጠገብ ቆመ።

«ጿሚ መነኩሴ ሆናልሃለች» አለ ጋሽ ጌንኮና ቦሎውን ማተም ጀመረ።

ሱፍ የሚሉት የራያ አባት ጋራዥ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖረውን ማርሚታ ነው። የጢስ ማጣሪያው ሙሉ ነው፤ ድምፁም አይሰማም። በዳኑብ ዳር ባለችው ከተማችን የወጣቶቹ መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት አሮጌ ሞዴል ስለሆነ አንድ ሱፍ ለሁሉም ይበቃል። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ማጣሪያ በሌለው ባዶ ቱቦ ሰፈሩን ሲያናውጡ ይከርሙና የቦሎ ቀን ሲደርስ ወደ አባቷ ወደ ጋሽ ዶብሪን ጋራዥ ይመጣሉ። መኪናዋ ሱፏን ለብሳ፣ ጨዋ መስላ ትመረመራለች፤ ስትመለስ ሱፉ ወደ መስቀያው፣ ባዶው ቱቦ ወደ ቦታው። ለሰርግ ልብስ እንደ መዋስ ያለ ነገር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በከተማው የለም፣ መርማሪውም ጭምር። ሱፉ በሄደበት ሁሉ የምትሄደው፣ ሳይጠፋ የምትመልሰው ደግሞ የአሥራ አምስት ዓመቷ ራያ ናት።

ወደ ጋራዡ ሲመለሱ ሞምቺል መሪውን በጣቱ እየመታ «ዝምታው እንዴት ይደብራል» አለ። «አስከሬን የጫንኩ ነው የመሰለኝ።» ወዲያው ያለው ነገር ገባው። ጆሮው ቀላ። «ይቅርታ ራያ፣ ሳላስበው ነው።»

«ምንም አይደል» አለችው።

ምንም አይደል የሚባል ነገር አልነበረም። ጋራዡ በር ላይ ሙጫው ገና ያልደረቀ ወረቀት ተለጥፏል። «ያለ አንተ አንድ ዓመት» ይላል ከላይ፤ ከሥሩ የወንድሟ የኢቫይሎ ፎቶ አለ፤ የሃያ ዓመት ልጅ፣ ሊስቅ ሲል የተነሳ። አባቷ የቀሩትን ወረቀቶች በአውቶቡስ ፌርማታውና በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ሊለጥፍ ወጥቷል። ነገ ሙት ዓመቱ ነው።

በጋራዡ ወለል ላይ ደግሞ ባዶው ቱቦ ተጋድሞ ይጠብቃል። መኪናዋ የሞምቺል ናት፤ ቱቦው ግን የኢቫይሎ ነበር። ኢቫይሎ ሲሞት መኪናው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ፤ የልብ ጓደኛው ሞምቺል ቱቦውን ለማስታወሻ ብሎ ለምኖ ወሰደና ራሱ ፈታው። የማንም ክፋት የለበትም። ግን ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የኢቫይሎ ድምፅ ዳገቱን ይወጣል። ያ ጉሮሮው የሻከረ፣ ማርሽ ሲቀየር ሁለት ጊዜ የሚያስለው ድምፅ። መጀመሪያ የሰማችው ቀን እናታቸው ከወጥ ቤት ወጥታ የኢቫይሎን ነጠላ ጫማ በሩ ላይ አስቀመጠች። ማን እንደሆነ ታውቃለች፤ አልሳተችም። ጫማውን ግን እስካሁን ያነሳው የለም።

ራያ በክሪክ ተደግፋ ከተነሳችው መኪና ሥር ገባች። ሱፉን ፈትታ አወረደች፣ ባዶውን ቱቦ አነሳች። አፉን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዙት አራት ዳዶዎች ናቸው። ሦስቱ ለማንም ይመቻሉ። አራተኛዋ ከላይ፣ ከሻንሲው ጀርባ ናት፤ ቁልፍ ይዛ እዚያ የምትገባው የራያ እጅ ብቻ ነች። ኢቫይሎ «አይጢቱ» የሚላት ለዚህ ነበር። የአባቷ ሕግ ደግሞ አንድ ነው፦ ብረት ሲግል ይላላልና ጢስ እንዳያፈስ ሞተሩ ይሙቅ፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ አራቱም እንደገና ይጥበቁ። ያን ሳያደርግ ከጋራዡ የሚወጣ መኪና የለም።

ሦስቱን አሰረች። ሞምቺል በርከክ ብሎ አያት።

«ራያ፣ ስሚኝማ። ሙቀት ቅዝቃዜ የሚለውን ዛሬ ተዪው። እኔና እህቴ ወደ ቫርና ልንሄድ ነው፤ አውቶቡስ ጣቢያው ጋ እየጠበቀችኝ ነው። አራት ሰዓት መንገድ ነው፣ በዚህ በረዶ።»

«አባዬ አይለቅህም።»

«አባትሽ የለማ። ከጠየቀሽ አጥብቄያታለሁ በይው፤ አለቀ። ማን ያያል?»

ራያ ዳዶዋን መዳፏ ውስጥ ጨበጠቻት።

«ደግሞ ምንም አትሆንም» ቀጠለ ሞምቺል። «ከኢቫይሎ መኪና ስፈታት ሦስቱ በዘይትም በመዶሻም አልወጣ ብለው አሳሬን አብልተውኝ፣ አራተኛዋ በጣት ነው የወጣችው። ስንት ኪሎሜትር ሄዷል በእሷ!»

ይህን ከዚህ በፊትም ነግሯታል። ምን እንደሚናገር አያውቅም። ራያ ግን ከሰማችው ቀን ጀምሮ ይህች ቃል ከእሷ ጋር ተኝታ ከእሷ ጋር ትነሳለች፤ በጣት ነው የወጣችው።

አምና በዚህ ሳምንት ኢቫይሎም ቦሎ አስለጥፎ ሱፉን መለሰ። ቱቦውን ሲገጥሙ መሸ። «ሲቀዘቅዝ ነገ አጥብቂያት፣ አይጢቱ፤ ካንቺ በቀር ማን ይደርስባታል» አላት። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ኩሬው በረዶ ሆኖ ነበር፤ ልጃገረዶቹ እየጮኹ ይንሸራተታሉ። ለአንድ ሰዓት ብላ ገባች። ስትመለስ እራት ቀርቧል። አባቷ ዳቦ እየቆረሰ «አራተኛዋን አጠበቅሻት?» ሲላት «አጥብቄያታለሁ» አለችው። ነገ አደርገዋለሁ ብላ ነበር። በማግስቱ ፈተና ነበረባት፤ ረሳችው።

ከሁለት ቀን በኋላ ኢቫይሎ ወደ ሩማንያ የሚያሻግረውን ጀልባ ወረፋ ሲጠብቅ ብርዱ ስለበረታበት ሞተሩን ሳያጠፋ፣ መስኮቱን ዘግቶ አሸለበ። ሲነጋ የወደቡ ዘበኛ መስኮቱን አንኳኳ፣ አንኳኳ። ጢሱ በመኪናው ወለል እንደገባ ተነገረ። አባቷም ወለሉ እንደዛገ ሳላይለት ቀረሁ ብሎ ራሱን ሲረግም ዓመት ሞላው። ስለ ዳዶዋ ማንም አልጠየቀም።

«የዚህች ወለል እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀችው ሞምቺልን።

«ዝገት ትንሽ በልቶታል። ምንጣፍ አለ ከላይ።»

የጋራዡ በር ሲጢጥ አለ። እናቷ ናት፤ ለነገው የተቀቀለውን ንፍሮ በሳህን ይዛ ቆማለች። ወደ ጎረቤት እየወሰደች ነበር። መኪናዋን አየች፣ ከሥሯ የተዘረጉትን የራያን እግሮች አየች።

«ድምፁን ዛሬ አልሰማሁትም እኮ» አለች። ቀስ ብላ ደግሞ፣ «ቶሎ ግጠሚለት።»

ራያ እጇን ወደ ላይ ሰደደች። ዘይትና ዝገት ያለበትን ጠባብ ቦታ ጣቶቿ በልምድ አገኙት። ብሎኑ አለ፤ ዳዶዋ የሚያስፈልጋት ሦስት ዙር ነው። የሞምቺል እህት ጣቢያው ጋ ሻንጣ ይዛ ስትጠብቅ ታያት፤ ሻርፕ ጠምጥማ፣ ማሞቂያ ያለው መኪና መጣልኝ ብላ ደስ ሲላት።

እጇን መለሰች። ዳዶዋ አሁንም መዳፏ ውስጥ ናት።

አባቷ ይህን ጊዜ ገባ፤ ሙጫ የነካ እጁን ወደ ቧንቧው ወሰደ። ሞምቺል በፍጥነት ተነሥቶ «አልቋል ጋሽ ዶብሪን፣ ሞቃ ቀዝቅዛለች፤ ልሄድ ነው» አለ።

አባቷ ውኃውን ከፍቶ ጀርባውን እንደሰጣቸው፣ ሁልጊዜ እንደሚጠይቀው ጠየቀ።

«አራተኛዋን አጠበቅሻት?»

ሞምቺል በዓይኑ ለመናት። ራያ ከመኪናው ሥር ተንሸራታ ወጣችና ቆመች። እናቷ ሳህኑን እንደያዘች በሩ ላይ ናት። አልሄደችም። ራያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለአባቷ ብቻ ልትነግረው ትችል ነበር።

«አላጠበቅኳትም» አለች፣ እናቷ በሚሰማ ድምፅ። «መኪናዋም አልሞቀችም። መሄድ የለባትም።»

«እሺ፣ ታዲያ ሞምቺል ይጠብቃላ» አለ አባቷ፣ እጁን እያሻሸ።

«አምናም አላጠበቅኳትም፣ አባዬ።»

አባቷ እጁን ማሻሸት አቆመ። ከዚያ ቧንቧውን ዘጋና ዞረ፤ መጀመሪያ ያየው እሷን አይደለም፣ በሩ ላይ ያለውን ወረቀት ነው።

ራያ መዳፏን ከፈተች። ዳዶዋን ከሱፉ ጎን፣ ሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት።

«ኩሬው በረዶ ሆኖ ነበር» ብላ ጀመረች። «ልጆቹ ጠሩኝ…»

እናቷ ሳህኑን መሬት አስቀመጠችና ገባች።