እርስዎ ወፍረዋል

«እርስዎ ወፍረዋል» አለኝ ፈድሉ፣ ሜትሩን ወገቤ ላይ ጠቅልሎ።

እርስዎ! ከሁለት ወር በፊት «አንቺ» ነበርኩ። ነቀምቴ ገበያ ዳር፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጬ መርፌው ላይ ክር ስሰካለት «ዓይንሽ ሥራ አስፈታኝ» ይለኝ ነበር። ሽማግሌ ቢልክ አባቴ «ለልብስ ሰፊ የምሰጣት ልጅ የለችኝም» ብሎ መለሳቸው። በዚያው ወር፣ በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ለዲጋው ቡና ነጋዴ ለዋጋሪ አጨኝ። ይባስ ብሎ የሙሽራ ቀሚሴን ራሱ ፈድሉ እንዲሰፋው አዘዘ፤ በከተማው ከሱ የተሻለ እጅ የለማ!

«ይኸው ቀሚሱን ሦስተኛ ጊዜ ማስፋቴ ነው» አለ ፊቱን ቅጭም አድርጎ። «የዲጋው እጮኛ ተስማምቶዎታል መሰለኝ።»

እናቴ በሩ ላይ ሆና ሳቀች። «ኤዬ፣ ኢንተላ ኮ! ልጄ አምሮባታል!» ብላ ቁልፍ ልትገዛ ወደ ጎረቤት ሱቅ ተሻገረች።

ያኔ ፈነዳሁ።

«ዓይንህ ይፍሰስ! ይኼ ምቾት ነው? ከታጨሁ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሲነጋ ሆዴ ይሞረሙረኛል፤ ጨጨብሳ ብል፣ ቂጣ ብል አልጠግብም። ንዴቴን ነው የምበላው!»

«እንቅልፍ አጥቶ የወፈረ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«እንግዲህ እይ! አንተስ ምን ነካህ? ከመቃብር የወጣህ መስለሃል። ሌላ ሴት ይዘሃል አሉ፤ አታበላህም እንዴ?»

ሜትሩ ከእጁ ወደቀ። ቀበቶውን አየሁት፤ በወስፌ ሦስት አዲስ ቀዳዳ በስቶበታል።

«ሌላ የለችም» አለ ቀስ ብሎ። «እኔም አልተኛሁም። እህል ግን አልወርድ አለኝ። እኔ የመሰለኝ አንቺ...»

አንቺ አለኝ!

እናቴ ስትመለስ «አዮ፣ ቀሚሱም ሰውየውም ልኬ አይደሉም» አልኳት። ጥፊዋ አሁንም ይሰማኛል። ቀሚሱን አልለብስም ብዬ ድርቅ አልኩ፤ ዋጋሪ ተቀይሞ ሌላ አገባ። አባቴ ዓመት ሙሉ አላናገረኝም። በመጨረሻ ታከተውና የፈድሉን ሽማግሌዎች ተቀበለ።

ዛሬም ስንጣላ «እርስዎ» ይለኛል። እኔም ድስቱን ጭኔ ላይ አድርጌ መብላት ነው። ጎረቤቱ ቢያየኝ «ተመችቷታል» ይላል። ፈድሉ ግን መቀሱን ጥሎ እየሮጠ ይመጣል።

«አንቺ፣ ማን አስከፋሽ?»

«እርስዎ!» እለዋለሁ።