የሱኒታ ቀይ ሳሪ

ሣጥኑ ተከፍቷል። የወርቅ አምባሮቹ እንዳሉ ናቸው። የጠፋው ሱኒታ የተዳረችበት፣ ጥለቱ በወርቅ ክር የተሠራው ቀይ ሳሪ ብቻ ነው።

ኢንስፔክተር ለሊሴ አሰላ ወደሚገኘው የህንዳዊው መምህር ቤት ስትገባ የቤት ሠራተኛዋ አስያ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ጉንጯ አብጧል።

“ማን መታሽ?”

“እሳቸው” አለች አስያ፣ የመምህሩን ሚስት ሱኒታን እያየች። “ወላሂ አልነካሁም!”

“ውሸታም!” ስድስት ዓመት አሰላ የኖረችው ሱኒታ አማርኛዋ ለስድብ አያንሳትም። “ነገ በዓላችን ነው። ሚስቶች ለባሎቻችን ዕድሜ እንጾማለን፤ ቀይ እንለብሳለን። ቀይ ማለት ባሌ በሕይወት አለ ማለት ነው። ይቺ ሸጠችው!”

ጥግ ላይ ነጭ የለበሰች ሴት አቀርቅራ ምስር ትለቅማለች። ሬካ ናት፤ የመምህሩ ሟች ወንድም ሚስት።

ለሊሴ ገበያ ወረደች። ጨርቅ ነጋዴው ከዲሮ ሳቀባት።

“ወርቅ ትቶ ጨርቅ የሚያነሳ ምን ዓይነት ሌባ ነው? ማንም አላመጣልኝም።”

እውነቱን ነው። ሌባው ንብረት አልፈለገም። የፈለገው ቀዩን ራሱን ነው።

ለሊሴ ወደ መምህሩ ቤት ስትመለስ ያለወቅቱ ዶፍ ወረደ። ሬካ የተሰጣ ልብስ ልታነሳ ሮጣ ወጣች። ስትገባ የራሰው ነጭ ልብሷ ገላዋ ላይ ተጣብቋል። ከሥሩ ቀይ ይታያል።

“ከነጩ ሥር ምን ለብሰዋል?”

ሬካ የያዘችውን ልብስ መሬት ላይ ወረወረችው።

“ሰባት ዓመት! ባሌ ሲሞት ቀይ አስወልቀው ነጭ አለበሱኝ። አገራችን ይህን የተወ ስንት ቤት አለ! እሷ ግን ባሏን የበላች ትለኛለች። በዓል በመጣ ቁጥር ጥላዬ እንዳያርፍባት ታባርረኛለች። አንድ ቀን ልልበሰው ብዬ ነው። አንድ ቀን!”

“አስያ ስትመታ ለምን ዝም አሉ?”

“እኔንም እንዳትመታኝ።”

“አውልቂ!” ጮኸች ሱኒታ። “የመበለት ገላ የነካውን አልለብስም፤ አቃጥለዋለሁ! እሰሪያት!”

ለሊሴ ወደ አስያ ዞረች። “ትከሻለሽ?”

አስያ ሁለቱንም አየቻቸው። አንዷ መታታለች፤ ሌላዋ እያየች ዝም ብላለች።

“የመቱኝን እከሳለሁ” አለች። ወደ ሬካ ዞራ ደግሞ “እርስዎን አላህ ይጠይቅዎት” አለች።

ሱኒታ እየተሳደበች የፖሊስ መኪና ውስጥ ገባች። በመስኮት ዞር ብላ ስታይ ሬካ በሩ ላይ ቆማለች።

አውልቂ ተብላ አውልቃለች። ያወለቀችው ግን ነጩን ነው።