የሀፊዛ አፍ

«እደጊ፣ ውለጂ፣ ክበጂልኝ የኔ ልጅ» አላት ኢክሪማ፣ አዲሷን የአማርኛ መምህሩን።

መምህርት ዓለምእሸት መጽሐፉን እንዳቀበለችው እጇ አየር ላይ ቀረ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ ሳቁ አላስቆም ብሎት ዴስክ ሥር ገባ። ኢክሪማ ግራ ገባው። ሰው መጽሐፍ ሲሰጥህ አትመርቅም እንዴ? እናቱ እኮ አንድ ብርጭቆ ውኃ ሲያቀብላት እንኳ ውኃውን ከመጠጣቷ በፊት ነበር የምትመርቀው።

ልጁ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ተወልዶ ያደገው ጅዳ ነው። እናቱ ሀፊዛ የወሎ፣ የሙጃ ሰው ናት፤ በሰው ቤት እየሠራች ብቻዋን አሳደገችው። የመኖሪያ ፈቃድ ስላልነበራቸው እዚያ ትምህርት ቤት አልገባም፤ ፊደልና ሒሳብ ያስተማሩት ጎረቤት የነበሩ ያገር ሰዎች ናቸው። በመጨረሻ «አገርህ ገብተህ ተማር» ብላ ላሊበላ፣ ወንድሟ መሐመድኑር ዘንድ ላከችው። አገርህ ትበል እንጂ ለኢክሪማ ላሊበላ ባዕድ ከተማ ነበረች። ብርዷም፣ ዳገቷም፣ ጎዳና ላይ የሚያገኘው ሰው ሁሉ ቆሞ ሰላም ማለቱም እንግዳ ሆነበት። አማርኛው ግን ቅንጣት አላሳሰበውም። አማርኛማ አለኝ ብሎ ነው የመጣው።

አዎ፣ አለው። ግን ያገኘው ከአንዲት የሙጃ እናት ብቻ ነው። ከእኩዮቹ ጋር የሚጫወተው በዐረብኛ ስለነበር ልጅ ከልጅ ጋር በአማርኛ እንዴት እንደሚያወራ ሰምቶ አያውቅም። እናም ጢሙ ገና እያቆጠቆጠ፣ አፉ ስድስት የወለደች እናት አፍ ሆነ። ምን ይደረግ፤ ሰው ያልሰማውን አያወራ።

በማግስቱ ደግሞ ባሰ። የአብስራ የሚባለው የክፍሉ አራዳ በእረፍት ሰዓት ኳስ ሲያባርር ድንጋይ ጠልፎት በደረቱ ተዘረጋ። ኢክሪማ ሮጦ ደረሰ።

«እኔን፣ እኔን የኔ ልጅ። እኔ ልደፋልህ። የት ጋ ነው የመታህ ሆዴ?»

የአብስራ የጉልበቱን ቁስል ረስቶ ስልኩን አወጣ። «እስቲ ድገማት እማማ» አለው። ኢክሪማም ምን ክፋት አለው ብሎ ደገመለት፤ ምርቃትም አከለበት። ማታ ቪዲዮው የክፍሉ ግሩፕ ላይ ተለቀቀ። ጠዋት ስሙ «እማማ ኢክሪማ» ሆኖ አደረ። አላፊ አግዳሚው «እማማ፣ መርቁኝ» እያለ አንገቱን ይሰብርለታል።

ሳቁ ብቻ ቢሆን ይቻል ነበር። ኢክሪማ የትምህርት ማስረጃ ስለሌለው ስምንተኛ ክፍል የገባው በሙከራ ነው። የሒሳቡን ፈተና አልፏል። በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ደግሞ ክፍሉ ፊት ቆሞ ስለ ራሱ በአማርኛ ይናገራል። ካልሆነለት አምስተኛ ክፍል ወርዶ፣ ጉልበቱ ዴስክ ሥር አልገባ እያለው፣ ከሕፃናት ጋር ይማራል።

«ጉድ አፈላህብን እኮ» አለችው የአጎቱ ልጅ ሂንድ። እሷ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ የእሱን ውርደት እንደ ራሷ ነው የቆጠረችው። «ወንድ ልጅ ‹ሆዴ› አይልም። ‹አቦ› በል። ጓደኛህን ‹ጀለስ› በል። ሰው ሲወድቅ ‹አይዞህ› ካልክ በቃ።»

«ሲሰጡኝስ?»

«‹አመሰግናለሁ›። ምርቃት የለም።»

«ካልመረቅኩት ባዶ እጁን የሸኘሁት ይመስለኛል።»

«ይምሰልህ» አለች ሂንድ።

ለዓርብ የሚለውን እሷው ጻፈችለት። «ሰላም ጀለሶች» ብሎ ይጀምራል። ኢክሪማ ሲይዝ አይለቅምና ሸመደደው። በክፍልም አፉን ሰበሰበ፤ «እሺ»፣ «አቦ»፣ «ይመቻል»። ሳቁ እየቀነሰ መጣ። አንድ ቀን እንዲያውም የአብስራ ራሱ «እማማ ተሻላት» ብሎ ትከሻውን መታ አደረገው። ኢክሪማ ተሳካልኝ አለ።

ማክሰኞ ማታ እናቱ ደወለች።

«ምን በላህ? ብርዱስ?»

«ምንም አይልም። ይመቻል።»

«አፍህን ማን ሰፋው?»

«ደኅና ነኝ እማዬ።»

«እንጃ ልጄ። የሌላ ሰው ልጅ ያናገርኩ መሰለኝ» አለችው። ተቆጥታው ቢሆን ይሻለው ነበር።

ረቡዕ ጠዋት የየአብስራ ወንበር ባዶ ሆነ። ያሳደጉት አያቱ፣ የእናቱ አባት አቶ ቢተው አርፈው ኖሯል። በዚያው ዕለት ተቀበሩ፤ ሐሙስ መምህርት ዓለምእሸት ክፍሉን ይዛ ለቅሶ ሄደች።

ድንኳኑ ደጃፍ ሲደርሱ ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ እንጃ። «አንተ ቅደም»፣ «አንቺ ግቢ» እየተባባሉ ተገፋፉ። የክፍሉ አለቃ ደባሱ እንደምንም ወደ ሐዘንተኞቹ ቀርቦ «እንኳን…» ብሎ ጀመረና የያዘው ቃል የሰርግ መሆኑ ሲገባው ላብ አጠመቀው። መምህርቷ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብላ ሸፈነችለት። ሁሉም አግዳሚው ላይ ተደርድረው ጫማቸውን ማየት ያዙ።

የአብስራ ጥግ ላይ ነበር። ዓይኑ ደርቆ መሬት መሬት ያያል። «ከትናንት ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣውም፤ ምን ላድርገው» አሉ እናቱ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ፣ ለመምህርቷ በሹክሹክታ።

ኢክሪማ ሰማ። ምን እንደሚባል ያውቃል። ጅዳ እያሉ ያገር ሰው በሞተ ቁጥር እናቱ እጁን ይዛ ያልወሰደችው ለቅሶ የለም። ቃሉ ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ቆሟል። ግን ክፍሉ በሙሉ እዚህ ነው፣ ስልኩም በየኪሱ። ነገ ዓርብ ነው። አሁን አፉን ከከፈተ ያ ሁሉ የተሰበሰበ አፍ ተበተነ ማለት ነው፤ «እማማ»ም ነገ ከፊት ወንበር ሆና ትጠብቀዋለች። አንድ «አይዞህ» ብሎ መውጣት ይቻላል። የአብስራን ድጋሚ አየው። አጠገቡ የተቀመጠ አንድ ሰው እንኳ የለም።

ተነሣ። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ፊት ዝቅ ብሎ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ።

«እህቴ» አላቸው። «አላህ ሶብሩን፣ ጽናቱን ይስጥሽ። ያባትሽን ዕድሜ ለልጆችሽ ያድርገው። ያሉሽን ያቆይልሽ። ከዚህ የከፋ አያሰማሽ።»

«አሜን» አሉ ሴቶቹ ባንድ ድምፅ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የክፍል ጓደኛውን እናት «እህቴ» ሲል ማንም አልሳቀም።

ከዚያ ሄዶ የአብስራ አጠገብ ተቀመጠ፤ ጀርባውንም አቀፈው።

«እኔን የኔ ልጅ» አለው ቀስ ብሎ። «እኔ ልደፋልህ ሆዴ።»

ቪዲዮው ላይ ያለው ቃል ነው፤ አንድም አልተጨመረበትም። የአብስራ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ግንባሩን ኢክሪማ ትከሻ ላይ ጥሎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ዓይናቸውን በነጠላቸው ያዙ። «እሰይ፣ ይውጣለት» አሉ።

አጠገባቸው የነበሩ አሮጊት ኢክሪማን ትክ ብለው ሲያዩት ቆዩ። «የማን ልጅ ነህ አንተ?»

«የሀፊዛ። የሙጃዋ። ዐረብ አገር ናት።»

«ምን ዐረብ አገር፤ እዚህ አይደለች እንዴ» አሉ አሮጊቷ።

ማታ ሂንድ ወረቀቷን ይዛ መጣች። «በል፣ ከመጀመሪያው ጀምርልኝ። ‹ሰላም ጀለሶች›።»

ኢክሪማ ወረቀቱን ተቀብሎ አጣጥፎ መለሰላት። «ክፉ አይንካሽ እህቴ፣ ብዙ ለፋሽልኝ።»

«አምስተኛ ክፍል ልትወርድ ነው?» አለች ሂንድ ደንግጣ።

«እሱን ነገ እናየዋለን» አለና ስልኩን አነሣ። እናቱ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣችው።

«እማዬ፣ ነገ ክፍል ፊት ቆሜ ልናገር ነው። እስቲ መርቂኝ።»

«ወይ ልጄ፣ መጣህልኝ» አለች ሀፊዛ፤ ድምፅዋ ተለወጠ። ጉሮሮዋን ጠርጋ ልትጀምር ስትል አቋረጣት።

«ቀስ ብለሽ» አላት። «አንዷም እንዳታመልጠኝ።»