የአዴ ከድጃ ድሪቶ

አዴ ከድጃ የሞቱት አልጋቸው ላይ ነው፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ልክ የሆነ ሰው እንዳኮረፉ። ያገኟቸው ጎረቤታቸው አዴ ኡሙልኸይር ናቸው። በጠዋት ቁርጥራጭ ጨርቅ በፌስታል ይዘው በሩን ገፋ ሲያደርጉ የታፈነ አየር ፊታቸውን መታቸው። መስኮቱ በክር ታስሮ ነበር። ከጠረጴዛው ላይ መቀስ አንስተው ክሩን ቆረጡና ከፈቱት። ከዚያ ዞር ብለው አዩና ጮኹ። የሰቶ ሰመሮ ሰፈር ሙሉ ሰማ፤ ያልሰማ ካለ እሱም ሞቷል ማለት ነው።

ሐኪሙ «የከሰል ጭስ ነው» አለ። እውነትም ጥግ ላይ የከሰል ካውያና አመድ የሞላ ምድጃ አለ። ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ግን ሰፈሩ አንድ ነገር ያውቃል፦ አዴ ከድጃ የሚሰፉትን ሊተኩሱ ከሰል ባቀጣጠሉ ቁጥር ያንን መስኮት በረዶ ቢዘንብ እንኳ አይዘጉትም። ታዲያ ማን ዘጋው?

ምክትል ኢንስፔክተር ጽዮናዊት በዝናብ መጣች። አጭር ናት፤ ዓይኗ ግን ረጅም ነው። ሌሎቹ ፖሊሶች ሬሳውን ሲያዩ እሷ መስኮቱን አየች። ክሩ ሲቆረጥ ቋጠሮው የመስኮቱ ሚስማር ላይ ቀርቷል። ጎንበስ ብላ አየችው፤ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ ጫፉ በሥሩ የገባ፣ ጠበቅ ያለ ቋጠሮ ነው። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ዞረች። እዚያ ድሪቶው ተዘርግቷል።

ድሪቶ ሲባል ለማኝ የሚደርበው ቡትቶ እንዳይመስላችሁ። የአዴ ከድጃ ድሪቶ ቤት ነው። ከልብስ ሰፊ ቤት በሚለቀም ቁርጥራጭ ግድግዳ ያቆማሉ፣ ጣሪያ ይከድናሉ፣ ደጅ ላይ ሳይቀር አበባ ይተክላሉ። የሚሸጡት አይደለም፤ ለወደዱት ሰው ነው የሚሰፉት። ይሄኛው መሀሉ ላይ መዳፍ የምታህል ክፍት ቦታ ቀርታዋለች። አጠገቧ አረንጓዴ ሐር ቁራጭ ተቀምጧል፤ ክር የገባባት መርፌ ተሰክቶበታል።

«ይሄን ማን ሊሰፋው ነበር?» አለች ጽዮናዊት። ሁሉም እያለቀሰ ነው።

መጀመሪያ የተጠራው ልብስ ሰፊው ከፈለ ነው። ላብ በላብ ሆኗል፤ በክረምት!

«ትናንት ከሟች ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል።»

«መጣላት አይባልም፤ ተነጋገርን እንጂ።»

«ጩኸቱ አስፋልት ድረስ ተሰምቷል እኮ።»

ከፈለ ትከሻው ላይ የረሳውን ሜትር አውልቆ ጠቀለለ። «ይሄ ድሪቶ አዋረደኝ፣ ኢንስፔክተር። ትርፌ የምትባል ደንበኛዬ ልትጠይቃቸው መጥታ የቀሚሷን ጨርቅ ድሪቶው ግድግዳ ላይ አየችው። ‹ጨርቁ አልበቃም ብለህ እጅጌዬን አሳጥረህ፣ ለካ ተርፎሃል!› ብላ ገበያ መሀል ጉድ አደረገችኝ። እኔም ያቺን ቁራጭ ይፍቱልኝ ብዬ ልለምናቸው መጣሁ።»

«ፈቱልህ?» ጽዮናዊት አንቱታውን ሌብነቱን ስትሰማ ጣለችው።

«የት ይፈታሉ! ‹ያንተ ሌብነት ለእኔ ግድግዳ ሆኗል፤ ካፈረስኩት ቤቱ ይወድቃል› አሉኝ። እያሳሉ ደግሞ ይስቃሉ።»

«መስኮቱስ?»

«ክፍት ነበር። ብርድ ይመታዎታል፣ ልዝጋው? ስላቸው ‹ከሰል እያለ? አብደሃል?› ብለው ተቆጡኝ። ልጄ ይሙት እውነቴን ነው!»

አዴ ኡሙልኸይር እንባቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ ገቡ። ከሟች ጋር በአንድ መብራት ሥር ሲሰፉ ያረጁ ናቸው።

«ከድጃን ሰው ገደላት? ማሎ፣ በምን ጥፋቷ? ትናንት እኮ ደስ ብሏት ነበር። ሥራዋ አልቆላት የመጨረሻዋን ስፌት ለነጅላ ልትሰጣት ነበር።»

«ለምን ለነጅላ?»

«ድሪቶው የእሷ ነዋ! ምራቷ አይደለች? ከድጃ ደንብ አላት፤ የመጨረሻዋን ቁራጭ ባለቤቱ ነው የሚሰፋው። ያቺ አረንጓዴ ከራሷ ከከድጃ የኒካህ ቀሚስ የተቆረጠች ናት። ለነጅላ ግን አልነገረቻትም፤ ላስደንግጣት ብላ ደበቀቻት።»

«ታዲያ ልትሰጣት እንደነበር በምን አወቁ?»

«በጆሮዬ ሰማኋታ! ግድግዳችን አንድ ነው። ማታ ነጅላን ጠርታ ስታዛት ሰማሁ። አልሐምዱሊላህ፣ አለቀ ብዬ ተኛሁ።»

«ምን ብለው አዘዟት? ቃሉን እንዳለ ይንገሩኝ።»

አዴ ኡሙልኸይር ነገሯት። ጽዮናዊት ልትጽፍ ያነሳችውን እስክሪብቶ መልሳ ኪሷ ከተተችው።

የአዴ ከድጃ ልጅ ሙርሺድና ሙሽራዪቱ ነጅላ ከጓሮ ባለችው ሰርቪስ ቤት ነው የሚኖሩት። ነጅላ ከመጣች ወር አልሞላትም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከአሰንዳቦ ዕቃዋን ይዛ የመጣችበት ጆንያ እግሯ ሥር ነው፤ ገና አልተፈታም፤ አፉ በወፍራም ክር ታስሯል። ጽዮናዊት ጆንያውን አየችና ቶሎ ዓይኗን አነሳች፤ ያላየች መምሰል ፈልጋ።

«ትናንት ማታ እናታችሁ ጋ የገባ ማን ነው?»

«ማንም» አለ ሙርሺድ።

«እሷን ነው የጠየቅኩት። ለምስክርነት ባል አይወከልም።»

ነጅላ አቀረቀረች። «እሺ» አለች። ጥያቄው ሌላ፣ መልሱ ሌላ። ሙሽራ ስትሆን የተማረችው ቃል እሱ ብቻ ይመስላል።

«አሰንዳቦ ምን ትሠሪ ነበር?»

«አባቴ ቡና ይነግዳል። እኔ… የጆንያውን አፍ እሰፋ ነበር።»

«ስሚ ነጅላ፣ ያንን መስኮት የዘጋ ሰው ነው እናታችሁን የገደለው። የምታውቂው ነገር ካለ…»

«እኔ ነኝ!» ሙርሺድ ተነሳ። «እኔ ነኝ የዘጋሁት። ቤቱን ሸጠን አዲስ አበባ እንግባ ስላት እምቢ ብላኝ ተጣልተናል፤ ሰፈሩ ያውቃል። ነጅላን ተዋት፤ እኔን ውሰጂኝ።»

ነጅላ ቀና ብላ አየችው።

«በምን ዘጋኸው?» አለች ጽዮናዊት በቀስታ።

«በምን ይዘጋል? በመቀርቀሪያው ነዋ።»

በር ላይ የቆመው ፖሊስ ደስ ብሎት ካቴናውን አወጣ። ጽዮናዊት ግን ደስ አላላትም፤ ሐሞት የዋጠች ነው የምትመስለው።

ሙርሺድ እናቱን የቀበረው ፖሊስ ከጎኑ ቆሞ ነው። ከቀብር መልስ ጽዮናዊት ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። አልጋው ባዶ ነው። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ዝናቡ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ያንጠባጥባል።

«ዝም ብል ደስ ይለኝ ነበር» ብላ ጀመረች። «ግን ዝም ካልኩ ሙርሺድ በሰው መግደል ይፈረድበታል። እሱ ደግሞ ውሸታም ነው።»

«እውነቴን ነው!»

«ና፣ መቀርቀሪያውን አሳየኝ።»

ሙርሺድ መስኮቱን አየ። መቀርቀሪያ የለም። የነበረበት ቀዳዳ ላይ ሸረሪት ድር ሠርቶበታል። ሚስማሩ ላይ ክር ብቻ ተንጠልጥሏል።

«መስኮቱ በክር ነው የታሰረው። አንተ አታውቅም፤ ስላልዘጋኸው። ከፈለም አይደለም፤ እሱ የሚሰርቀው ጨርቅ ነው።» ከፈለ ስድቡን እንደ ምሥጋና ተቀበለ። «ይሄን ቋጠሮ ተመልከቱት። ሁለት ጥምጥም፣ ጫፉ በሥር። ልብስ ሰፊ እንዲህ አይቋጥርም። አዴ ኡሙልኸይር፣ እናንተስ?»

«ኧረ እኛ እንዲህ አንቋጥርም። ይሄ እንደ ጆንያ ነው…» ብለው ጀመሩና አፋቸውን በሻሻቸው ያዙ።

ነጅላን ማንም አላያትም፤ ሁሉም ላለማየት መሬት መሬት ያያል።

«አንድ ነገር ነው ያልገባኝ የነበረው» አለች ጽዮናዊት። «አዴ ከድጃ ለከፈለ ‹ከሰል እያለ? አብደሃል?› አሉት። ነጅላ ደግሞ የታዘዘችውን ብቻ የምታደርግ ልጅ ናት። አዴ ኡሙልኸይር፣ የሰሙትን ቃል ይድገሙልኝ።»

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተይኝ፣ ልጄ።»

«እባክዎ። ሙርሺድ ታስሯል።»

«‹ነጅላ፣ መስኮቷን ዝጊልኝና ልረፍ› አለቻት።» ድምፃቸው ተሰነጠቀ። «እኛ እኮ… መሀሏን ነው መስኮት የምንላት። ጣሪያው ጣሪያ፣ በሩ በር፣ የመጨረሻዋ ክፍት ቦታ መስኮት። ድሮም እንዲህ ነው የምንለው። ያ ረቢ፣ ለልጅቷ የነገራት አልነበረም!»

ነጅላ ያኔ ተናገረች። ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ረጅም ተናግራ አታውቅም።

«ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር። ያስላሉ። ዝናቡ ይገባል። ‹የትኛውን?› ብዬ ብጠይቅ ደንቆሮ ሙሽራ መጣች ይላሉ ብዬ ፈራሁ። አልዘጋ ሲለኝ ከጠረጴዛው ላይ ክር ወስጄ አሰርኩት። ከሰሉን አይቼዋለሁ። የእኛ ቤት ጣሪያና ግድግዳው አይገናኝም፣ ጭሱ በላይ ይወጣል… አላወቅኩም። ጠዋት ለሙርሺድ ነገርኩት፤ ‹ለማንም አትንገሪ› አለኝ።» ወደ ጽዮናዊት ዞረች። «እትዬ፣ የጠሩኝ ለስፌት ነበር?»

«አዎ።»

«ድሪቶው የእኔ ነው?»

«ያንቺ ነው።»

ሙርሺድ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ሚስቱን ሊይዛት እጁን ዘረጋ፤ ካቴናው ያዘው። ፖሊሱ ቁልፉን ከኪስ ወደ ኪስ ፈልጎ ፈታለት።

«አሁን ምን ትሆናለች?» አለ ከፈለ። ይሄ ሁሉ ሰው እያለ የጠየቀው እሱ ነው።

«ጣቢያ ሄዳ ቃሏን ትሰጣለች። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ አላውቅም። ዐቃቤ ሕግ ነው የሚወስነው።» ጽዮናዊት ሌላ የምትለው ፈለገች። እዚህ የደረሰችው ሁሉን አውቃ ነው፤ ያወቀችው ግን ለማንም አይረባም።

አዴ ኡሙልኸይር መርፌዋን ከአረንጓዴው ሐር ነቅለው ለነጅላ ሰጧት። «በይ ልጄ፣ ከመሄድሽ በፊት። አደራዋ ነው።»

ነጅላ መርፌዋን ተቀበለች። አረንጓዴዋን ክፍት ቦታው ላይ አስተካክላ አስቀመጠች። እጇ መርፌዋን ይዞ ቆመ፤ አልወረደም። አረንጓዴዋን መልሳ አነሳቻት።

በዚያ መሀል ነፋስ መጣ። ዝናቡ በመስኮቱ ገብቶ የድሪቶውን ጣሪያ፣ በሩን፣ የትርፌን እጅጌ ሳይቀር ያርሰው ጀመር። ጽዮናዊት ልትዘጋው እጇን ዘረጋች። ዘረጋችና እጇ አየር ላይ ቆመ። ከፈለን አየችው፤ ከፈለ ዓይኑን ሰበረ። አዴ ኡሙልኸይርን አየቻቸው። ዝጉት የሚል አንድ ሰው ጠፋ፤ ድሪቶው ዓይናቸው እያየ ራሰ።