እስከ ዳር ያልደረሱ መስመሮች

በዚያ ክረምት ቱሉዝ ላይ ዝናቡ አላባራም። በአውሮፕላን ፋብሪካው የአዲሱ ክንፍ ስሌት ደጋግሞ ከሸፈ። ብዙ ሰው ከሥራ ወጣ፤ የቀሩት ሰላምታ ተነፋፈጉ። በመጨረሻ የስሌቱን መረብ፣ ማለትም በክንፉ ዙሪያ ያለውን አየር ኮምፒውተር ላይ የሚከፋፍሉትን መስመሮች የሚሠራው አዛውንት መሐንዲስ አንሰልም ካዞ በሕንጻው ደረጃ ሥር አንገቱ ተሰብሮ ተገኘ።

አለቃይቱ ማዳም ዴልሪዩ ኢንስፔክተር ኦዲል ፉርካድን የተቀበለቻት ነገሩን በራሷ ደምድማ ነው፦ አንሰልም መረቡን አበላሸ፤ ኀፍረቱን መሸከም ቢያቅተው ራሱን ወረወረ። የሟቹ ሚስት ሮዝሊን ጥግ ተቀምጣ ትሰማ ነበር።

«ይህን ስም አሸክሜ አልቀብረውም» አለች።

ሌሊቱን ሕንጻው ውስጥ የነበረው ሌላ ሰው ባልደረባው ቲዬሪ ማሳብዮ ብቻ ነው። ኦዲል ስታገኘው ባቄላና ዳክዬ ይበላል። የማን ምግብ እንደሆነ ጠየቀችው። የአንሰልም እራት ነው፣ ከሚበላሽ ብዬ ነው አላት። ስቡ አገጩ ላይ ረግቷል።

«ማታ ምን ይሠሩ ነበር?»

«የሽማግሌውን ጉድ ሳጸዳ ነዋ፤ ነፍሱን ይማርና ዓይኑ ደክሞ ነበር። ክንፉና ሞተሩ የሚጋጠሙበት ላይ መስመሮቹ ሳስተዋል። ስጨምር ነጋ፤ ከወንበሬም አልተነሳሁ። ይኸው የመረቡ ሥዕል።»

ኦዲል ወደ አንሰልም ጠረጴዛ ሄደች። ስክሪኑ ላይ ተከፍቶ የቀረው ክንፉ አልነበረም፤ ከክንፉ እጅግ የራቀው የመረቡ ዳር፣ ባዶ አየር ነው። ሰው እዚያ ምን ይፈልጋል? ጥቂት አሰበችና ሁሉንም ሰበሰበች።

«ማዳም፣ ክንፉ አጠገብ መስመር ቢጨመር የት ያልቃል?»

«የአየሩ ዳር ድረስ ይዘልቃል። እንዲህ ያለ መረብ መሃል ላይ አይቋረጥም።»

«ማታ ተጨመረበት የተባለውን መረብ ዳሩን ያሳዩኝ።»

ዴልሪዩ ከፈተችው። ዳሩ እንደ ትናንቱ ነው፤ አንድም አዲስ መስመር የለም።

«ሙሲዬ ማሳብዮ፣ ማታ መረቡን አልነኩትም» አለች ኦዲል። «መስመሩን የጨመሩት ሥዕሉ ላይ ብቻ ነው። ቀድሞውንም መረቡን ያበላሹት እርስዎ ነዎት፤ በተነካካ ሥዕልም ሸፈኑት። አንሰልም ዳሩን አይቶ ደረሰበት። ለማዳም ሊናገር ሲወጣ ደረጃው ላይ ደርሰው ገፈተሩት። ሌሊቱን ሙሉ ከወንበሬ አልተነሳሁም ያሉትም ይህን ለመደበቅ ነው። በዚህ ሥዕል ተማምነው ሰዎች ሊበሩ ነበር፤ እርስዎ ግን እራቱን በሉ።»

ማሳብዮ አገጩን በእጅጌው ጠረገ።

«ዳሩን ማንም አያይም ነበር» አለ። «እሱ ለመናገር ምን አስቸኮለው?»

ዴልሪዩ ፊቷን አዞረች። ፖሊሶቹ ሲወስዱት ኦዲል እጁን ላለመንካት ገለል አለች።

ከዚያ ሮዝሊን አጠገብ ተቀመጠች። የራሷ አባት አብራሪ እንደነበር ነገረቻት። አውሮፕላኑ ወድቆ ሲሞት ጥፋቱ የሱ ነው ተባለ። ሰው ሁሉ ሲፈራ፣ ክንፉ አስቀድሞ ተሰንጥቆ እንደነበር ችሎት ቆሞ የመሰከረው አንሰልም ብቻ ነበር። የኦዲል እናት ያን ውለታ ሳትመልስ ሞተች።

«ዛሬ እኔ መለስኩ» አለች ኦዲል።

ሮዝሊን ክንዷን ያዘችና ቀብሩን ሊያሰናዱ አብረው ወጡ።