ዘነቡና ስሙን የማታውቀው ቀይ ፍሬ

ዘነቡ የስድስት ዓመት ልጅ ናት። በቤታቸው ጓሮ የሚበቅለውን ተክል ሁሉ በስሙ ትጠራለች።

ታናሽ ወንድሟ አንለይ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። እርሷ በሄደችበት ሁሉ «ዱብ! ዱብ!» እያለ ይከተላታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ወደ ጓሮ ወጡ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ አንለይ፣ ጣቱን ወደ አንድ ቅጠል ቀስሮ።

«አውቀዋለሁ! አውቀዋለሁ! ሳማ ነው። እንዳትነካው፤ ይለበልብሃል።»

አንለይ ቶሎ ብሎ እጁን ከኋላው ደበቀ።

«ይሄስ?»

«አውቀዋለሁ! አውቀዋለሁ! እንስላል ነው። አሽትተው።»

አንለይ አሸተተና «እምምም!» አለ።

«ይሄስ?»

«አውቀዋለሁ! አውቀዋለሁ! አጋም ነው። ፍሬው ሲጠቁር ይበላል፤ ደግሞ ይጣፍጣል።»

«ስጪኛ!»

«አረንጓዴ ነው እኮ። ገና አልበሰለም።»

አንለይ ግን ፍሬ አምሮታል።

ከአጥሩ ባሻገር ትንሽ ጫካ አለ። ዘነቡ የወንድሟን እጅ ይዛ ወደዚያ ገባች። ደረቁ ቅጠል ከእግራቸው ሥር «ኮሽ! ኮሽ!» አለ።

እዚያም አንድ ተክል በዛፍ ላይ እንደ ሐረግ ተጠምጥሟል። ጥቃቅን ቀያይ ፍሬዎቹ በዘለላ በዘለላ ተንጠልጥለዋል።

አንለይ አንዲት ፍሬ ቀጠፈ። ወደ አፉም አስጠጋት።

«ይሄስ? ይበላል?»

ዘነቡ አፏን ከፈተች። «አው…»

ቅጠሉን አየች፤ ፍሬውንም አየች። እንዲህ ያለ ተክል አይታ አታውቅም።

«አላውቀውም» ብትል ልታፍር ነው። «ይበላል» ብትል ግን አንለይ ሊውጠው ነው።

«ተው!» አለችና እጁን ያዘችው። «አላውቀውም። የማናውቀውን አንበላም።»

«እዋ! እዋ!» አንለይ እያለቀሰ ፍሬዋን መሬት ላይ ጣላት።

«ና፣ የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ» አለች ዘነቡ። አንድ ዘለላ ከነቅጠሉ ቀጥፋ ያዘች።

በጎረቤት ጋሼ ድረስ የሚባሉ መምህር አሉ። ብዙ ልጆችን አስተምረው በጡረታ ላይ ናቸው።

«ኳ! ኳ!»

ጋሼ ድረስ በሩን ከፍተው መነጽራቸውን አጠለቁ። ቅጠሉን ገለበጡ፤ ፍሬውን አሸተቱ፤ ጺማቸውን አሻሹ።

«አላውቀውም» አሉ።

ዘነቡ ዓይኗ ፈጠጠ። «እርስዎም አያውቁትም?»

«እኔም አላውቀውም። የማያውቁትን አላውቅም ማለት ነውር የለውም፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው ነውሩ። ተነሱ፤ ጎረቤታችንን እማማ ጠጄን እንጠይቅ።»

ሦስቱም ሄዱ። የጋሼ ድረስ ከዘራ «ቋ! ቋ!»፣ የአንለይ እግር «ዱብ! ዱብ!»

እማማ ጠጄ ደጃቸው ላይ ልብስ ያጥቡ ነበር። ዘለላውን ገና ሲያዩት ሣቁ።

«እንዶድ ነዋ! እንዴ መምህር፣ እንዶድ ጠፋዎት?»

«ጠፋኝ።»

«እውነትዎን ነው፤ ከየት ያውቁታል! አንድ ቀን እንኳ ልብስ አጥበው ያውቃሉ?»

ጋሼ ድረስ «እህ! እህ!» ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ወዲያው እማማ ጠጄ ሣቃቸውን አቆሙ። ወደ አንለይም ጎንበስ አሉ። «ቀመስከው እንዴ፣ የኔ ልጅ?»

«አልቀመሰም። እኔ ከለከልኩት» አለች ዘነቡ።

«እሰይ! እደጊ! ይህ ከአፍ ከገባ ያሳምማል። እንዶድ የሚበላ አይደለም፤ የልብስ ማጠቢያ ነው።»

እማማ ጠጄ ከቤት ደርቆ የተፈጨ እንዶድ አመጡ። ውኃ ላይ በተን አደረጉና በእጃቸው መቱት።

«ጧ! ጧ! ጧ!»

ነጭ አረፋ ተነሣ። ሳፋውን ሞላ፤ በጠርዙም ፈሰሰ።

«አረፋ! አረፋ!» አለ አንለይ። ልቅሶውን ረሳው።

የአንለይ ሸሚዝ በጭቃ ተለውሷል። ጋሼ ድረስ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «እስቲ ያስተምሩኝ» አሉ።

«ይሹት! ይሹት እንጂ፣ መምህር! ምነው ፈሩት?» እማማ ጠጄ እንደገና ሣቁ።

ሸሚዙ ጸዳ። ገመድ ላይም ተሰጣ። ዘነቡ፣ አንለይና ጋሼ ድረስ እጃቸውን በንጹሕ ውኃ ደኅና አድርገው ታጠቡ።

ከዚያ እማማ ጠጄ ከጓሯቸው አንድ የበሰለ ዘይቱን ቆርጠው ለአንለይ ሰጡት።

አንለይ አልጎረሰውም። እህቱን ቀና ብሎ አያት። «ይሄስ?»

«ይበላል» አለች ዘነቡ። አንለይም ግምጥ አደረገው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ልጆቹ ቤታቸው ገቡ። እናታቸው እራት አብልታ አስተኛቻቸው።

አንለይ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ዘነቡ ጠጋ ብላ ትንፋሹን አሸተተች። ዘይቱን ዘይቱን ይላል።

ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ ሳበችለት። እርሷም ከጎኑ ተኛች።