ያልታሰረው ባትሪ

በ1961 ዓ.ም. ንፋስ መውጫ በነበረች አንዲት ክሊኒክ ድሬሰር ሆኜ ስሠራ ያየሁትን ልንገራችሁ። ባነሣሁት ቁጥር ዛሬም ያናድደኛል፤ እናንተንም ቢያናድዳችሁ ደስ ይለኛል።

ከከተማው ወጣ ብሎ ቀኛዝማች ይርጋ የሚባሉ ባለርስት ነበሩ። በወንዝ ዳር ባላቸው የአትክልት ቦታ ድንችና ነጭ ሽንኩርት በመስኖ ያለማሉ። አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ የሸጠላቸው አሮጌ ትንሽ ትራክተርም አላቸው። የሚነዳላቸው ደምሌ የሚባል፣ ጦር ሠራዊት ውስጥ ሳለ መንዳት የተማረ ጎልማሳ ነው።

ከትራክተሩ ጎን ያለውን ባትሪ አጥብቆ የሚይዘው ብረት ዝጎ ተበጠሰ። ደምሌ በጠፍር አሰረው፤ ጠፍሩም ላላ።

«ጌታዬ፣ ባትሪው እየተንገዋለለ ነው። በውስጡ ያለው አሲድ ሥጋ ይበላል። ዋለ አንድ ማሰሪያ ብረት ቢሠራልን ይበቃል» አላቸው።

ዋለ የከተማው ቀጥቃጭ ነው። የአገሩን ማረሻና ማጭድ የሚሠራው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ሰዉ «ቡዳ ነው» እያለ ከደጁ ያርቀዋል።

«የቀጥቃጭ እጅ ትራክተሬን አይነካም» አሉ ቀኛዝማች። «ደግሞስ ባትሪ እግር የለው፣ የት ይሄዳል? ድንጋይ አስደግፈህ ንዳ።»

የሚያርሱበት ማረሻ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ የጠየቃቸው የለም። ደምሌም ለእንጀራው ፈርቶ ዝም አለ።

በየካቲት አንድ ቀን ትራክተሩ የድንች ጆንያ የተጫነበት ጋሪ እየጎተተ ቦይ ሲሻገር ዘመም አለ። ባትሪው ከነድንጋዩ ተንሸራቶ ቋጥኝ ላይ ወድቆ ተሰበረ። አማረች የምትባል የሦስት ልጆች እናት፣ ባሏ የሞተባት፣ እዚያው ጎንበስ ብላ ድንች ትለቅም ነበር። አሲዱ ፊቷ ላይ ተረጨ። ደምሌ ዘሎ ወርዶ የቦዩን ውሃ ደጋግሞ ባያፈስባት ኖሮ ሁለቱም ዓይኖቿ ይጠፉ ነበር። በቃሬዛ አመጡልኝ፤ እኔም ለብዙ ሰዓት አጠብኋት። ግራ ዓይኗን ግን ማዳን አልቻልሁም።

በማግሥቱ ቀኛዝማች ሰዎች አስከትለው ወደ ክሊኒኩ መጡ።

«ይህ የዋለ ሥራ ነው» አሉ። «በገበያ ቀን ትራክተሩን ትኩር ብሎ ሲያየው ነበር። ከዚህ አገር አስወጣዋለሁ።»

አብረዋቸው የመጡትም «እውነት ነው፣ እሱ ነው» አሉ። ልመልስላቸው አፌን ስከፍት፣ አማረችን ሊጠይቅ መጥቶ የነበረው ደምሌ ቀደመኝ።

«ዋለ ያየውማ የባትሪውን መላላት ነው፤ ‹ቶሎ እሰሩት› ብሎም ነግሮኛል። እርስዎ እያወቁ ናቁት፤ እኔ እያወቅሁ ነዳሁት። ይችን ሴት የጎዳናት እኛ ነን።»

«አንተ፣ ከማን ጋር እንደምትነጋገር ታውቃለህ?»

አማረች ፊቷ በፋሻ እንደተጠቀለለ ከአልጋዋ ተናገረች። «ቀኛዝማች፣ እኔስ አንዴ ተጎዳሁ። በኔ ዓይን አመካኝተው የሰው ቤት አያፍርሱ።»

ሰዉ አንገቱን ደፋ። ቀኛዝማች ሳይሰናበቱ ወጡ።

አዲስ ባትሪ ከጎንደር እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ሲመጣም ደምሌ «ማሰሪያው ሳይሠራ አልነዳም» አለ። የዚያን ጊዜ ቀኛዝማች በእግራቸው ወደ ዋለ ቤት ሄዱ። ዋለም መጥቶ የባትሪውን ቦታ ለካ፤ አንድ ዘንግ ብረት አጥፎ በሁለት ብሎን አጠበቀው። ቀኛዝማች ብረቱን በእጃቸው ዳሰሱት።

«የጎደለችው ይችን የምታህል ብረት ነበረች?»

«አዎን ጌታዬ፣ ይችን የምታህል ነበረች» አለ ዋለ።

ቀኛዝማች በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔ ግን አላዘንሁላቸውም።

ወገኖቼ፣ የላላ ነገር በቤታችሁ ካለ ዛሬውኑ እሰሩት። ማሰር የሚችለውን ሰው አትናቁ፤ አደጋውን እያያችሁም እንደ ደምሌ ለእንጀራ ብላችሁ ዝም አትበሉ። ቀኛዝማች ኋላ ከወንዙ ዳር መሬት ቆርሰው ለአማረች ሰጧት። ደግ አደረጉ። መሬቱ ድንች ያበቅላል፤ ዓይን ግን አያበቅልም።